እራታችን ላይ አትክልቱ የት ሄደ? እናንተ ቤት እንዴት ነው?

ሳሪሷ

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላንሳና እስቲ እንወያይበት። ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ መሥሪያ ቤት ካፌ ሽሮ ወይ ፓስታ፣ ማታ ቤት ገብቶ ምስር ወይ እንደገና ሽሮ። የብዙዎቻችን ቀን ይሄ ነው። ሽሮና ምስር ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ጥራጥሬ ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር። ግን አትክልቱ የት ነው? ቀኑን ሙሉ የበላነው ተሰብስቦ ቢታይ ፍርፍሩ ውስጥ የገባች ቃሪያና ወጡ ውስጥ የቀለጠ ሽንኩርት ነው። ፍራፍሬማ የታመመ ሰው መጠየቂያ ሆኖ ቀርቷል። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዘን የምንታየው ሆስፒታል በር ላይ ነው፣ ለቤታችን ግን ትዝ አይለንም።

አባቴ ግፊት አለበት። ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያብዙ አለው። እናቴም ለእሱ ለብቻው ሳህን ታቀርባለች፦ ጎመን በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ከምግብ በኋላ ፓፓያ። ሌሎቻችን እዚያው ገበታ ላይ ተቀምጠን የለመድነውን እንበላለን። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከታመመ በኋላ እሱን የሚረዳው ምግብ እኛን ሳንታመም ቢረዳን ምን አለበት? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ጎመኑ ከእንጀራው ዳር ጠብ ማለቱ ቀርቶ እንደ ዋና ወጥ መሃል ላይ ይውጣ፣ ለሁሉም።

የቀየራችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩን። ምን ገዛችሁ፣ እንዴት ሠራችሁት፣ ቤተሰብ እንዴት ተቀበለው።

ሲስተር ዘሐዋሳ

ሳሪሷ እግዜር ይስጥሽ። እኔ የምሠራው ተመላላሽ ክፍል ነው፣ የግፊትና የስኳር ክትትል። ለታካሚ "አትክልት ያብዙ" ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። መጠኑ ካልተነገረው ግን ቤቱ ገብቶ ሁለት ቅጠል ሰላጣ ይጨምርና ታዘዝኩ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው አንድ ጎልማሳ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ነው። ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። የራስሽን እፍኝ የሚሞላ የበሰለ አትክልት እንደ አንድ ቁጠሪው። አንድ መካከለኛ ሙዝ አንድ ነው። እንዲህ እያላችሁ በቀን አምስት ድረሱ። ድንች ግን አይቆጠርም፣ ድንች ከእንጀራና ከዳቦ ወገን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከ100 ጎልማሶች ከ95 በላይ የሚሆኑት አምስቱን አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ያንቺ ቤት ብቻ አይደለም።

ጥቅሙን ለሚጠይቅ፦ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን፣ ጨው ግፊት ላይ የሚያመጣውን ጫና ያለዝባል። ፋይበሩ፣ ማለትም ሆድ ውስጥ የማይፈጨው ቃጫ፣ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል፣ ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮልንም ለመቀነስ ይረዳል። አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጤፉም ምስሩም ጎመኑም ብረት አላቸው፣ ግን ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይቀበለውም። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ወይ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ ሲበላ ቫይታሚን ሲው ያግዘዋል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ይይዙታል። ስለዚህ ከማዕድ ሳንነሳ የምንጠጣውን ቡና ለአንድ ሰዓት ያህል እናቆየው። በተለይ እርጉዞችና ደም ማነስ ያለባችሁ እባካችሁ።

ደሞዝተኛው

ሁሉም ጥሩ። ኪስስ? ብርቱካን በኪሎ የሚጠራበት ዋጋ ያስደነግጣል። ፖም እሱን ተዉት። የቤት ኪራይ ከፍሎ ጤፍና ዘይት ገዝቶ ባዶ እጁን ለሚቀር ሰው ፍራፍሬ ብላ ማለት ያሳዝናል። ምክር ስትሰጡ ይሄንንም አስቡልን።

ሳሪሷ

@ደሞዝተኛው ወንድሜ እውነትህን ነው። ብርቱካኑን ተወው፣ እኛም ቤት አይገባም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ፣ እነዚህ ላይ እናውራ። አንድ ዱባ ለስንት ቀን ወጥ ይሆናል፣ ሳይቆረጥ ከቆየ ደግሞ ቶሎ አይበላሽም። ለለስላሳና ለብስኩት በሳምንት የሚወጣውን እስቲ ደምረው። እኛ ቤት ለስላሳውን ከእሁድ ገበታ ላይ አንስተን በእሱ ብር ሙዝ እንገዛለን። ደሞዛችን ያው ነው፣ የተጨመረበት የለም።

ጉሊት አየር ጤና

እኔ ሻጭ ነኝ። ዋጋውን እኛ የምንሰቅለው የሚመስላቸው ስላሉ አንድ ነገር ልበል። አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ጃን ሜዳ ወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሃይሌ ጋርመንት። ዕቃው ከመጫኛው እስከ እኛ መደብ ሲደርስ ስንት እጅ ያልፋል፣ መጓጓዣም አለ፣ በመንገድ የሚበሰብሰውም አለ። የቲማቲም ሳጥን ከፍተን ከሥሩ የፈረሰ ስናገኝ ኪሳራው የኛው ነው።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ። በወቅቱ የደረሰውን ግዙ። ማንጎ ከሚያዝያ በኋላ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ በጥቅምት ማንጎ የሚፈልግ ሰው ግን በውድ ነው የሚገዛው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ኑ። የበሰለ አቮካዶና ፓፓያ ለነገ ስለማይሆን በቀነሰ እንሸጣለን፣ ለዚያው ቀን ለሚበላ ሰው ምንም ችግር የለበትም። ጎመን ስትመርጡ ቅጠሉ ላይ ውሃ ስላለ ብቻ ትኩስ ነው እንዳትሉ፣ ውሃ ሁላችንም እንረጫለን። ግንዱ የተቆረጠበትን እዩ። ከደረቀና ከጠቆረ የቆየ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖረው አትናቁት፣ ትል ቀመሰው ማለት ነው፣ ታጥቦ ሲበስል ያው ጎመን ነው። እስሩን ደግሞ ፈታ አድርጋችሁ ከመሃል እዩት፣ መታየቱን የሚጠላ ሻጭ ካለ እለፉት።

መርካቶ ጀርባ

እኔ ችግሬ ሌላ ነው። ሰላጣ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይታመማል። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ ያልታከምኩት የለም። የአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማውን ጎመን ያየ ሰው እንዴት አትክልት ይበላል? ውሃው የምን ውሃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የፋብሪካም የመጸዳጃም ፍሳሽ ይገባበታል።

ሲስተር ዘሐዋሳ

@መርካቶ ጀርባ ስጋትህ ትክክል ነው፣ ማንም አያጣጥለው። ሁለቱን ችግር ለይተን እንያቸው። አንደኛው ጀርምና የትል እንቁላል ነው። ይሄን ማብሰል ይገድለዋል። ስለዚህ ምንጩን የማታውቀውን ቅጠል በጥሬው አትብላ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ በደንብ ሲበስሉ ከዚህ ስጋት ነጻ ናቸው። ፍራፍሬ ደግሞ ልጣጩ የሚላጥ ይሁን፦ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። ከመላጥህ በፊት ግን እጠበው፣ ቢላው ልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። እጅህንም በሳሙና።

ጥሬ ሰላጣ ካማረህ ቤትህ ራስህ ሥራው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይተህ በንጹሕ የሚፈስ ውሃ እጠብ። ተዘፍዝፎ ብቻ የወጣ ሰላጣ አልታጠበም። ኮምጣጤ ይረዳል፣ ግን ሁሉንም ይገድላል ብለህ አትታለል።

ሁለተኛው ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣው ከባድ ብረት ነው፣ መርዛማው ማለቴ ነው፣ ቅድም ያልኩት ጠቃሚው ብረት አይደለም። እሱ ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም፣ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። እዚህ ላይ ማድረግ የምንችለው ሻጩን ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ የምንበላውን ማቀያየርና አንድ ቦታ ላይ አለመወሰን ነው። ቀሪው የመንግሥት ሥራ ነው፣ ወንዙ መጽዳት አለበት፣ ይሄን ደግሞ በድምፃችን መጠየቅ መብታችን ነው።

ጾመኛ ነኝ

ግን እኮ እኛ ግማሹን ዓመት የምንጾም ሕዝብ ነን። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በያይነቱ ከእኛ በላይ ማን ይበላል? አትክልት የማይበላ ሕዝብ ተደርጎ መወራቱ አይገባኝም።

ሳሪሷ

@ጾመኛ ነኝ ወንድም ወይም እህት፣ በያይነቱማ ኩራታችን ነው። ግን በደንብ የተሠራ በያይነቱ ስንቶቻችን ቤት አለ? ምግብ ቤት ስናዝ ይመጣል፣ ቤት ግን ሽሮና ድንች ነው። ጾም ሲሆን ደግሞ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በማርማላታ ይበዛል። ዘይትና ዱቄት ጾምን አይገድፍም ማለት ለሰውነት ይበቃል ማለት አይደለም። ሙስሊም ጓደኛዬም ረመዳን ላይ ተመሳሳይ ነገር ትለኛለች፣ ተምሩና ሾርባው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሳምቡሳው ሆድ ሞልቶ ሌላው ይቀራል። ያን የመሰለ በያይነቱ ያለን ሰዎች ጎመኑን በፍስክ ቀን እንዲህ መርሳታችን ነው የሚከፋኝ።

ወልቂጤ

ፍስክ ካላችሁማ እኛ ጋ ኑ። ክትፎ የሚከበር ምግብ ነው፣ በዓል ነው፣ እንግዳ ነው። አጠገቡ ግን ጎመን ክትፎና አይብ ካልቀረበ ጎደሎ ነው። ጎመኑ ተቀቅሎ ልቅም ብሎ ይከተፋል፣ ቅቤና ኮሰረት ይገባበታል፣ ከቆጮ ጋር ይበላል። ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ ነው የሚለው አነጋገር እኛ ቤት አይሠራም። እንግዳ መጥቶ ጎመን ቢቀርብለት የሚያፍሩ ቤቶች ግን አይቻለሁ። ይሄ ነገር ከምን እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ብዙ ሰው ጎመን የሚጠላው አፉ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው።

ጡረተኛው ከባሕር ዳር

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። እኛ ከብት ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን። ዶቅማው፣ አጋሙ፣ እንኮዩ፣ ቀጋው፣ ሾላው፣ እንጆሪው በየወቅቱ ነበረልን። ማንም ብላ አይለንም። ቤት ስንገባ ከንፈራችን ጠቁሮ እናታችን ዶቅማ እንደበላን ታውቅ ነበር። አሁን ዛፉም ተመናምኗል፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገዙት በፕላስቲክ የታሸገ ነገር ነው። ግቢ ያላችሁ ሰዎች አንድ ዘይቱን ወይም አንድ ሎሚ ትከሉ። ዘይቱን ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም፣ በጥቂት ዓመት ያፈራል፣ ለጎረቤት ልጅም ይተርፋል። እኔ ግቢ ያለው የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነው፣ አጥር ዘለው ሲገቡ አልቆጣም።

ሲስተር ዘሐዋሳ

አባባ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ከብርቱካንም ይበልጣል። ብርቱካን ተወደደ ለሚሉት ልጆችዎ ጥሩ መልስ ሰጥተውልናል።

ስኳር አለብኝ ምን ልብላ

እኔን ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዱ ፍራፍሬ አትንካ ይለኛል፣ ሌላው ጁስ ጠጣ ይለኛል። ሰፈሬ ጁስ ቤት አለ፣ ስፕሪስ ደስ ይለኛል። ሐኪሜን ለመጠየቅ ቀጠሮዬ ገና ነው።

ሲስተር ዘሐዋሳ

@ስኳር አለብኝ ፍራፍሬ አይከለከልም። መጠኑና አበላሉ ነው ቁም ነገሩ። አንድ ትንሽ ሙዝ፣ ወይ ግማሽ ማንጎ፣ ወይ አንድ ቁራጭ ፓፓያ በአንድ ጊዜ ይበቃሃል፣ ያውም ተላጦ እየታኘከ። ብርቱካን ሲጨመቅ ፋይበሩ ይቀርና ስኳሩ ብቻውን ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ደግሞ ብዙ ፍሬ ይገባል፣ ያን ሁሉ ተቀምጠህ ብትልጥ አትጨርሰውም ነበር። ስፕሪሱ ላይ አብዛኛው ጁስ ቤት ስኳርም ይጨምራል። እሱን ተወው። አቮካዶ ግን ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ያለ ስኳር ከሎሚና ከትንሽ ቃሪያ ጋር በማንኪያ ብላው። ጎመንና ቆስጣማ እንደልብህ፣ ገበታህን ግማሹን እነሱ ይሙሉት፣ እንጀራው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለሁለት ዓይነት ሰዎች ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ስለሚጠራቀምበት ሙዝና ጎመን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቅጠላ ቅጠል በድንገት አይጨምር፣ በድንገትም አያቁም፣ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባበታል።

የመንትዮች እናት

የኔ ጥያቄ ልጆቼ ናቸው። አምስት ዓመታቸው ነው፣ ጎመን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ካሮት እሺ ይላሉ። የሚሠራልኝን ላካፍል፣ እናንተም ጨምሩበት። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤት ርቧቸው ሲመጡ ከሌላው ሁሉ በፊት የተላጠ ካሮትና ሙዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ዝም ብዬ ነው የማስቀምጠው፣ ብሉ አልልም። ሲርባቸው ራሳቸው ያነሳሉ። ሩዝ ስሠራ ፎሶሊያና ካሮት አብሬ አበስላለሁ። ዱባ ወጥ ይወዳሉ ምክንያቱም ይጣፍጣል። ገበያም ይዣቸው እሄዳለሁ። የመረጡትን ዱባ ራሳቸው ተሸክመው ሲገቡ ሌላ ልጆች ይሆናሉ። ጎመን ግን እስካሁን አልሆነልኝም፣ የምታውቁ ካላችሁ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ

@የመንትዮች እናት ጎመኑ መራራ ሆኖባቸው ይሆናል። እኛ ጋ ልጆች ቅጠል የሚለምዱት በኩርኩፋ ነው። የበቆሎ ወይ የማሽላ ዱቄት ተቦክቶ ድቡልቡል ይደረግና ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል። ኮንሶም ጋሞም ይበላዋል፣ ሽፈራው በየግቢው አለ፣ ድርቅም ይችላል። ቅጠሉ አዲስ አበባ ደርቆ በዱቄት ይሸጣል፣ ሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ ነስንሱ፣ ጣዕሙ ብዙም አይታወቅም። ብቻ ሁሉን በሽታ ያድናል ብለው የሚሸጡትን አትመኑ። ምግብ ነው፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ በቃ።

ሙዝ በተመለከተ ደግሞ፣ ከላንቴና ከጫኖ ጥሬውን ተጭኖ ነው የሚወጣው፣ እናንተ ጋ ተከድኖ ይበስላል። ትንሽ አረንጓዴ የቀረበትን ገዝታችሁ ቤት ብታቆዩት ሳምንቱን ያደርሳችኋል፣ አንዴ ሁሉም በስሎ አይበላሽባችሁም።

ሳሪሷ

የጎመኑን መራራነት በተመለከተ የእናቴን አሠራር ልጻፍ። ብዙ ሰው ጎመንን ቀቅሎ ውሃውን ይደፋል። ከውሃው ጋር ቫይታሚን ሲውና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን አብሮ ይሄዳል። እሷ መጀመሪያ ሳይከተፍ ታጥበዋለች፣ ከተከተፈ በኋላ አታጥበውም። ወፍራሙን ግንድ ታወጣለች። ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ቁሌት አድርጋ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትጨምራለች፣ ከዚያ ጎመኑን ከነእርጥበቱ ትገለብጠዋለች። ክዳኑን ትገጥማለች፣ እሳቱን ትቀንሳለች። በራሱ ውሃ ይበስላል፣ ከደረቀ ብቻ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ። የሀበሻ ጎመን ትንሽ ይቆያል፣ ቆስጣ ግን ደቂቃዎች ይበቁታል። ሲወርድ ቃሪያ ተሰንጥቆ ይገባል፣ ሎሚ ጠብ ይደረጋል። ለልጆች ቃሪያውን ትተሽ ካሮት በቀጭኑ ከትፈሽ አብረሽ አብስዪ፣ የካሮቱ ጣፋጭነት መራራውን ይሸፍነዋል። ዘይቱን ደግሞ ጨርሰሽ አታስቀሪው፣ የቅጠሉንና የካሮቱን ቫይታሚን ኤ ሰውነት የሚወስደው ትንሽ ቅባት ሲኖር ነው።

የመንትዮች እናት

እሞክረዋለሁ የኔ እናት፣ ተባረኪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ። እዚህ ጎመናችን ኮላርድ ግሪን ነው፣ በየሱፐርማርኬቱ አለ፣ ርካሽም ነው። ችግራችን ጊዜ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ነው የሚበላው። ከዚያ ቤት ሲገባ እንጀራ በወጥ ይደርብበታል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ግፊትና ስኳር የያዛቸው ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። እኔን ያዋጣኝ እሁድ እሁድ ትልቅ ድስት ጎመንና ጥቅል ጎመን በካሮት ሠርቼ በትናንሽ ዕቃ መከፋፈል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ የቀረው ፍሪዘር። በረዶ ሆኖ የሚሸጠውንም አትክልት አትናቁት፣ እንደተለቀመ ስለሚቀዘቅዝ ጥቅሙ አይጠፋም። መኪና ውስጥ ሙዝና ፖም አይጠፋም። አገር ቤት ያላችሁ ግን ያንን ለጋ ጎመን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ስትተዉት ያስቆጨኛል፣ እውነቴን ነው።

ደሞዝተኛው

ተመልሼ መጣሁ። ጉሊቷ እንዳለችው ማታ ሄድኩ። አቮካዶና ቆስጣ ገዛሁ፣ ከጠበቅኩት በታች ነው የወጣው። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ። በረንዳ ላይ ቆስጣ ይሆናል ወይ? የሞከረ አለ?

ፍግና አፈር

@ደሞዝተኛው ይሆናል፣ በደንብ ይሆናል። በረንዳህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ ጀምር። አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ለፎቅ ስለሚከብድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይሻልሃል። አስተኝተህ የላይኛውን ጎን ቅደደው፣ ከሥር በኩል አራት አምስት ቀዳዳ አብጅለት፣ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። አፈርና በደንብ የተብላላ ፍግ ቀላቅለህ ሙላው፣ ትኩስ እበት ችግኙን ያቃጥላል። ችግኝ ሻጮች ጋ ቆስጣና ጎመን ታገኛለህ፣ ለአንድ ጀሪካን ሦስት ችግኝ ይበቃል። ጠዋት ወይ ማታ አጠጣ፣ ሳሙና የነካው የዕቃ እጣቢ ግን አታፍስበት። ከወር ትንሽ አለፍ ሲል መቁረጥ ትጀምራለህ። ከሥሩ አትንቀለው፣ የውጪውን ቅጠል እየቆረጥክ የመሃሉን ለጋ ተወው፣ ለወራት ያበላሃል። ሲተክሉ የሚቸገሩ ካሉ እዚሁ ጻፉ፣ የበረንዳችሁን ፎቶ ብትለጥፉ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ እነግራችኋለሁ።